«የወንድ ቅናት ነው ያለባት» አለ ባለቤቴ

ደብዳቤው የመጣው ከዚሁ ከጅማ ነው። ጸሐፊዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬ አሳጥሬዋለሁ።

«34 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባዬ ቡና አቅራቢ ነጋዴ ነው። ትምህርቴን ከጨረስኩ ጀምሮ መጋዘኑ ውስጥ አብሬው ሠርቻለሁ። መዝገብ የምይዘው እኔ፣ ሚዛን የምቆጣጠረው እኔ፣ ከገበሬው ጋር የምከራከረው እኔ። ዘንድሮ አባዬ ደከመውና ሥራውን በሙሉ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠው። ወንድሜ አዲስ አበባ ነበር፤ ስለ ቡና የሚያውቀው ነገር የለም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ‹አንቺ ባል አለሽ› ተባልኩ። አኮረፍኩ። የፋሲካ ዕለት ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ባለቤቴ ‹የወንድ ቅናት ነው ያለባት፤ ፍሮይድ ድሮ ጽፎታል› አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እያለ የሥነ ልቦና ኮርስ ወስዷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሱ ጋር በቅጡ አንነጋገርም። የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ገዝቶ ሻገተበትና ከሰረ። ይህን ስሰማ ውስጤ ደስ አለው። ባሌ እውነቱን ይሆን እንዴ? በሽታ አለብኝ?»

እህቴ፣ በሽታ የለብሽም። ባለቤትሽ የጠቀሰው ሐሳብም ዛሬ በአብዛኛው ተቀባይነት የለውም። ያ ደስታሽ ግን እውነተኛ ስሜት ነው፤ ስለ እሱም እንነጋገራለን።

መጀመሪያ ፍሮይድ ምን እንዳለ ልንገርሽ። ሲግመንድ ፍሮይድ ቪየና ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። ባለቤትሽ «የወንድ ቅናት» ያለውን፣ ሴት በወንድ ብልት ትቀናለች የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1908 ነካ አድርጎት በ1925 በሰፊው ጻፈበት። እንደ እሱ አባባል ትንሽ ልጅ የወንድሟን ወይም የጓደኛዋን ብልት ታያለች፤ እሷ እንደሌላት ይገባታል፤ ወዲያው ትመኘዋለች። ከዚያ ራሷን እንደ ጎዶሎ ትቆጥራለች። እንዲህ አድርጋ የወለደቻትን እናቷንም ትቀየማለች። ምኞቷ ኋላ ላይ ልጅ ወደ መውለድ ይዞራል። በ1933 ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። ሴቶች የፍትሕ ስሜታቸው አነስተኛ ነው፣ ይህም በውስጣቸው ቅናት ስለሚበዛ ነው ብሎ ጻፈ።

ይህቺን የመጨረሻዋን ልብ በይልኝ። አንቺ ለቤተሰብሽ «ይሄ ፍትሕ አይደለም» አልሽ። የተሰጠሽ መልስ «ቅናት ነው» የሚል ነው። የምትጠይቂው ስለ ሥራሽና ስለ ድካምሽ ነበር፤ ወሬው ግን ስለ አፈጣጠርሽ ሆነ። አባትሽ ስለወሰኑት ውሳኔ መነጋገር ቀረና ሁሉም አንቺን መመርመር ጀመረ። እኔ ይህን ሐሳብ አጥብቄ የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። የተበደለ ሰው ስለ በደሉ እንዳይናገር አፉን ይዘጋል።

ማስረጃውስ? ፍሮይድ ሕፃናትን በብዛት ተከታትሎ አላጠናም። አብዛኛውን ያገኘው ከአዋቂ ታካሚዎቹ ትዝታ ነው። በ1909 ያሳተመው ዝነኛው «የትንሹ ሀንስ» ታሪክ (ፈረስ ይፈራ የነበረ የአምስት ዓመት ልጅ ታሪክ) እንኳ በዋናነት የልጁ አባት እየጻፈ ከላከለት ማስታወሻ የተወሰደ ነው። በሕክምናው ጊዜ ፍሮይድ ልጁን ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ዛሬ ሕፃናትን በቅርብ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ያዩት ነገር ከዚህ ይለያል። ልጆች ሁለትና ሦስት ዓመት ላይ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን መናገር ይጀምራሉ። የሚለዩትም በአብዛኛው በፀጉር፣ በልብስና በስም ነው። ሳንድራ ቤም የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1989 ባሳተመችው ጥናት፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ካሉ ልጆች ብዙዎቹ ወንድና ሴትን በብልት መለየት አያውቁም ነበር። ገና ያልተረዱት ልዩነት እንዴት የማንነታቸው መሠረት ይሆናል?

ሌላም ችግር አለ። አንዲት ሴት «አዎ፣ ወንድ ብሆን እመኝ ነበር» ካለች ሐሳቡ ተረጋገጠ ይባላል። «አይ፣ ተመኝቼ አላውቅም» ካለች ደግሞ ስሜቱን ቀብራዋለች ይባላል። በምንም መልስ ሊሸነፍ የማይችል ሐሳብ ሳይንስ ለመባል ይከብደዋል። አንቺም ፋሲካ ዕለት ዝም ብትዪ ቅናት፣ ብትቆጪም ቅናት ይሆንብሽ ነበር።

ፍሮይድን ሙሉ በሙሉ ልጥለው ግን አልፈልግም። የልጅነት ቁስል አዋቂን እንደሚከተል፣ በወንድምና በእህት መካከል ያለ ፉክክር ተራ ነገር እንዳልሆነ ያስተማረን እሱ ነው። ደግሞ ስለ ሴቶች ያለው እውቀት ጎዶሎ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። በዚያው በ1933 ጽሑፉ፣ የበለጠ ለማወቅ የራሳችሁን ሕይወት መርምሩ፣ ወይም ገጣሚዎችን ጠይቁ፣ አለዚያ ሳይንስ እስኪያድግ ጠብቁ ብሎ ነበር። ሰውየው የኖረበትን ዘመንም አስቢ። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን ሕክምና እንዲማሩ የፈቀደው በ1900 ነው። የኦስትሪያ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1918 ነው። በዚያ ከተማ ወንድ በመሆን ብቻ የሚከፈት ብዙ በር ነበር። ሴቶቹ ያንን በር ቢመኙ ምን ይገርማል?

ይህን ጥያቄ በድፍረት ካነሱት አንዷ ካረን ሆርናይ ናት። ጀርመናዊት ሐኪምና ራሷም በፍሮይድ መንገድ የሠለጠነች ነበረች። በ1922 በርሊን በተደረገው ጉባኤ፣ ፍሮይድ ራሱ ስብሰባውን እየመራ፣ ሐሳቡን የሚሞግት ጽሑፍ አቀረበች። በ1926 ደግሞ ነገሩን ገለበጠችው። ወንዶችም እርግዝናን፣ መውለድንና ማጥባትን አጥብቀው ይቀናሉ አለች፤ ይህም በኋላ የማህፀን ቅናት ተባለ። ትንሹ ሀንስም ልጅ መውለድ ይመኝ ነበር፤ ፍሮይድ ራሱ መዝግቦታል። ክላራ ቶምሰን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በ1943 ይበልጥ ግልጽ አደረገችው። ሴቶች የሚቀኑት በወንድ አካል አይደለም፤ ወንድ በኅብረተሰቡ ውስጥ በተሰጠው ቦታ ነው አለች።

ይህ ለእኛ ለጅማ ሰዎች ሩቅ ነገር አይደለም። የቡና ወቅት ሲደርስ ወጣ ብለሽ እዪ። ፍሬውን ከዛፉ የሚለቅመው፣ መጋዘን ቁጭ ብሎ ጥሩውን ከመጥፎው የሚመርጠው እጅ ባብዛኛው የሴት ነው። በፈረሱላ ስንት ይሁን ብሎ ዋጋ የሚቆርጠውስ? አንቺ ሚዛኑ ጋ ቆመሽ ኖረሻል። ሥራው ተቀምቶ ለማያውቀው ሲሰጥ ቢያምሽ የሚያስደንቅ ነገር የለም።

አንድ አደራ አለኝ። ይህን አንብበሽ «አንተ ነህ የማህፀን ቅናት ያለብህ» ብለሽ ባለቤትሽ ላይ እንዳትወረውሪው። የሆርናይም ሐሳብ ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ትልቁ ጥቅሙ የፍሮይድን ሐሳብ አንድ ጎን ያዘነበለ መሆኑን ማሳየቱ ነው። ደግሞም በጠብ መሃል የትዳር ጓደኛን መተንተን ጠቅሞ አያውቅም። ይህን ፍሮይድ ራሱ አስጠንቅቋል። በ1910 በጻፈው ጽሑፍ አንድ ወጣት ሐኪም ጭንቀት ለያዛት ሴት ፊት ለፊት የችግርሽ ምንጭ ይሄ ነው ብሎ እንደነገራትና ይበልጥ እንዳስጨነቃት ያወሳል። ለሰው ስለ ውስጡ እንዲህ ድንገት መንገር፣ በረሃብ ጊዜ ለተራበ ሰው የምግብ ዝርዝር እንደማደል ነው አለ። ባለቤትሽ ያን ጽሑፍ ቢያነበው ኖሮ ዘመድ ፊት ያን ቃል የሚያወጣው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ደስታሽ እንምጣ። ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ አመሰግንሻለሁ። ወንድምሽ ሲከስር ደስ ማለትሽ ቅናት ነው። ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም። ግን ሴት በመሆንሽ የመጣ አይደለም። ሜላኒ ክላይን የተባለች ሌላ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1957 ስለ ቅናት ስትጽፍ መነሻውን በጨቅላነት፣ በእናት ጡት ዙሪያ አስቀመጠችው፤ ለወንዱም ለሴቷም እኩል። እሱም ቢሆን ለማረጋገጥ የሚያስቸግር ሐሳብ ነው። ቅናትን ግን የሴት ብቻ ከመሆን አውጥቶታል። ከእሷ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ይበልጥ ቀላል ነገር ያሳያሉ። ሰው የሚቀናው በሚመስለውና በሚቀርበው ሰው ነው። እህትና ወንድም ደግሞ አንድ ቤት አድገው አንድ አባት የሚጋሩ ናቸው። ያኛው ያገኘው ነገር ይገባው ነበር ብለን ካመንን ቅናታችን እኛም እንድንጥር ይገፋፋናል። አይገባውም ብለን ካመንን ግን ሲወድቅ ማየት ያስደስተናል። አንቺ ላይ የደረሰው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች ተደባልቀውብሻል። አንደኛው በደል ነው፤ መነገር አለበት። ሁለተኛው ለወንድምሽ መውደቅን መመኘት ነው፤ ይሄኛው አንቺኑ ይበላሻል። የበደሉ ጉዳይ ካልተነገረ ምኞቱ እየከፋ ይሄዳል። ውሳኔውን የወሰኑት አባትሽ ናቸው፤ ወንድምሽ አይደለም። ቂምሽ ግን ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አባትን መቆጣት ከባድ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲሁ ነው። የአባትና የእናት ዕዳ ወንድምና እህትን ያቆራርጣል።

እኔ ብሆን ከባለቤትሽ እጀምራለሁ። ልጆቹ ሲተኙ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ስለ ፍሮይድ ሳትከራከሪ ንገሪው። «ሰው ፊት እንደዚያ ስትለኝ ከጎኔ የለህም ብዬ አሰብኩ» በይው። ከዚያ በላይ አትጨምሪ፤ እሱ ይናገር። ምናልባት ዘመዶችሽ ፊት መሃል ቤት ገብቶ ጨንቆት ይሆናል። ምናልባት ማኩረፍሽ ወደ እሱ የዞረ መስሎት ይሆናል። እኔ ላውቅ አልችልም፤ መጠየቅ የምትችዪው አንቺ ነሽ። በዘመድ ፊት የተሰነዘረ ቃል በዘመድ ፊት መታረም እንዳለበት ግን አጥብቄ አምናለሁ። ይቅርታውን በጓዳ ብቻ አትቀበዪው።

አባትሽን ስታናግሪ ደግሞ «ለምን ወንዱን አስበለጡ» ብለሽ አትጀምሪ። የሠራሽውን ይዘሽ ሂጂ፤ መዝገቡ ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያ የምትፈልጊውን በግልጽ ጠይቂ። ድርሻ ነው? ደመወዝ ነው? ወይስ ከወንድምሽ ጋር እኩል መምራት? ብቻሽን ከከበደሽ አባትሽ የሚሰሟቸውን አክስት ወይም ሽማግሌ ይዘሽ ግቢ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ነገር ግን አባትሽ በሕይወት አሉ፤ ውርስና በሕይወት እያሉ መስጠት በሕግ ዓይን ይለያያሉ። ስለዚህ ቃል ከመለዋወጣችሁ በፊት ጠበቃ አማክሪ።

ወንድምሽ ስለ ሥራው ቢጠይቅሽ ምን እንደምታደርጊ አስቀድመሽ ወስኚ። ብትረጂው ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ድሮው ስምሽ ሳይነሳ መሆን የለበትም። የምትረጂው በምን ስምምነት እንደሆነ አባትሽ ባሉበት ይነገር። አሁን ካልሆነልሽም «ከአባዬ ጋር ሳልነጋገር አልችልም» ማለት ምቀኝነት አይደለም። ሆን ብለሽ የተሳሳተ ነገር ከመንገር ግን ራስሽን ጠብቂ።

እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም ይህ ሐሳብ ቀኑን ሙሉ አልለቅ ካለሽ በአካል ሰው አናግሪ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ጤና ክፍል አለው። ባለቤትሽ ፈቃደኛ ከሆነ አብራችሁ ሂዱ፤ ካልሆነም ብቻሽን ጀምሪ።