ምግብ ስለሚደብቁ ወፎች፦ ጥያቄና መልስ

ምግባቸውን ስለሚደብቁ ወፎች የጠየቃችሁኝን ተራ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ወፏ መደበቅን ከእናቷ ነው የምትማረው?

መልስ፦ አይደለም፤ ጠባዩ አብሯት ይወለዳል። በሰው እጅ ያደጉ ማርሽ ቲት የሚባሉ ትናንሽ ወፎች ማንም ሳያሳያቸው መደበቅ ይጀምራሉ። ማስታወሱ ግን ልምምድ ይፈልጋል። ኒኮላ ክሌይተንና ጆን ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዳሳዩት፣ ደብቀው መልሰው ያወጡ ወጣት ወፎች ሂፖካምፐሳቸው (ቦታ የሚያስታውሰው የአንጎል ክፍል) አደገ። ዕድሉን የተነፈጉት ግን እዚያው ቀሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በረዶ ከሸፈነው በኋላ በምን ታገኘዋለች? አሽትታ ይሆን?

መልስ፦ በዓይኗ ነው። የምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ላይ የምትኖር ክላርክስ ነትክራከር የምትባል የቁራ ዘመድ አለች። ከምላሷ ሥር ባለ ከረጢት የፓይን ፍሬ እያመላለሰች በሺዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ትቀብራለች። ስቲቨን ቫንደር ዎል እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ሙከራ እኔን በጣም ይመቸኛል። ወፎቹ ከቀበሩ በኋላ፣ በአንዱ ጎን ለምልክት የተቀመጡትን ዕቃዎች 20 ሳንቲሜትር ገፋ አደረጋቸው። ወፎቹም 20 ሳንቲሜትር ያህል ስተው ቆፈሩ! ፍሬው አጠገባቸው ተቀብሮ ባዶ አፈር ይጭራሉ። ዕቃው ባልተነካበት በኩል ግን አልሳቱም። አሽትተው ቢሆን ኖሮ ዕቃው ቢገፋ ምን ገዷቸው?

ጥያቄ፦ የረሳችውስ?

መልስ፦ ይበቅላል። ነጭ ቅርፊት ያለው የፓይን ዝርያ የሚዛመተው በዋናነት በእሷ ነው።

ጥያቄ፦ ስትደብቅ ሌላ ወፍ ብታያትስ?

መልስ፦ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ስክራብ ጄይ የሚባሉት ወፎች ሲደብቁ ከታዩ፣ ያየችው ዞር ስትል ምግቡን አውጥተው ሌላ ቦታ ይቀብሩታል። ይህን የሚያደርጉት ግን ራሳቸው ሰርቀው የሚያውቁት ናቸው። ሰርቀው የማያውቁት ብዙም አልተጨነቁም። ኤመሪና ክሌይተን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ነው። “ሌባ እናት ልጇን አታምንም” አይደል የሚባለው?

ጥያቄ፦ ወጣት ቁራ የማይበላ ነገር ይቀብራል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ጨዋታ ቢመስልም መለማመጃ ነው። ጓደኞቹ ውስጥ እጀ ረጅሙ ማን እንደሆነም ያውቅበታል፤ ቢሰረቅም የሚጎድልበት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ወፍ አለ?

መልስ፦ አለ። ጀርባዋ ጥቁር ሆዷ ነጭ፣ ጅራቷ ረዘም ያለች፣ አጥር ላይ ቆማ አካባቢዋን የምትቃኝ ወፍ አይታችሁ ይሆናል። ፊስካል ትባላለች። አትቀብርም፤ አንበጣውን እሾህ ወይም የአጥር ሽቦ ላይ ሰክታ ታስቀምጣለች። የእሷ ወገን ጫጩቶችም መሰካትን የሚካኑት እየሞከሩ ነው።