ጎማ በናይትሮጅን ወይስ በተራ አየር? ጋሽ ደረጀ ይመልሳሉ

ጋሽ ደረጀ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ጥያቄው ስለበዛ ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እያለ ነው። በሌላ ሰዓት ለክታችሁ ቁጥር ብትልኩልኝ ምንም ልላችሁ አልችልም።

ቤቲ፦ ጋሽ ደረጀ፣ ጎሚስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር ናይትሮጅን ሙዪ ይሉኛል። አረንጓዴ ክዳን ያደርጉለታል። ዋጋው ከተራው ብዙ እጥፍ ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ ከተማ ውስጥ ነው የምነዳው። ያዋጣል?

ጋሽ ደረጀ፦ ላንቺ አያዋጣም ልጄ። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የምትከፍዪው ያቺን 21 ለማስወጣት ነው። ጥቅም የለውም አልልም። ኦክስጅን ከናይትሮጅን ይልቅ በላስቲኩ ውስጥ ቶሎ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ናይትሮጅን ትንሽ ይቆያል። ምን ያህል ትንሽ? ዕቃ እየሞከረ ለሸማቹ የሚያሳውቀው የአሜሪካው ድርጅት ኮንሲውመር ሪፖርትስ 31 ዓይነት ጎማዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሞከረ። ሁሉም 30 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ ነው) ተሞልተው ዓመት ሙሉ ውጭ ተቀመጡ። በአየር የተሞሉት በአማካይ 3.5 ቀነሱ፣ በናይትሮጅን የተሞሉት 2.2። ልዩነቱ በዓመት 1.3 ነው። በወር አንዴ የምታስለኪ ከሆነ ይህን በነጻ ታገኚዋለሽ።

ኪሩ፦ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውስ?

ጋሽ ደረጀ፦ ነዳጅ የሚቆጥበው ልኩን የያዘ ጎማ ነው። በምንም ይሞላ።

ሳሚ፦ ናይትሮጅን ላይ ተራ አየር ቢጨመርበት ጉዳት አለው?

ጋሽ ደረጀ፦ የለውም። ጎድሎ ከምትነዳ ጨምር። የሚያናድደኝ ግን ተገላቢጦሹ ነው። ጎማህ ውስጥ 25 ፒኤስአይ ተራ አየር አለ። ባለሙያው ላዩ ላይ ናይትሮጅን ጨምሮ 32 ያደርስልህና አረንጓዴ ክዳን ይገጥምለታል። ውስጡ ያለው ኦክስጅን ከ21 ወደ 17 በመቶ ገደማ ቢወርድ ነው። ለምን ከፈልክ? መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ካላስተነፈሰው ናይትሮጅን ሞላሁ አይበል።

አቤል (ከቨርጂንያ)፦ እኛ ጋ ኮስትኮ ከሚባለው ትልቅ መደብር ጎማ ስትገዛ በናይትሮጅን ነው የሚሞላልህ። ግን ብርዱ ሲገባ የጎማ መብራቱ ያው ይበራብኛል።

ጋሽ ደረጀ፦ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከሆነ ውሰድ። መብራቱ ግን ይበራል። ሙቀት በ10 ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። ናይትሮጅንም አየርም በዚህ እኩል ናቸው።

ሄኖክ፦ እኔ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን 44 ነው የማስሞላው። ምንም ሆኖብኝ አያውቅም።

ሰላም፦ እሱ እኮ ከፍተኛው ነው! በሹፌሩ በር በኩል ያለውን ወረቀት አንብብ።

ሄኖክ፦ መኪናው ቀለም ሲቀባ ወረቀቱ ጠፍቷል። ደግሞ ጎሚስታዬ ስንት ዘመን የሠራ ሰው ነው።

ሰላም፦ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ ታየዋለህ።

ጋሽ ደረጀ፦ ሰላም ልክ ናት። 44 የጎማው ጣሪያ ነው እንጂ የመኪናህ ልክ አይደለም። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው የመኪናውን መመሪያ ይፈልግ። በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ 230 ማለት 33 ፒኤስአይ ነው። በቃ፣ ወደ ናይትሮጅን እንመለስ።

ቢኒ፦ ጎማዬ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል። ናይትሮጅን ይሻለኛል?

ጋሽ ደረጀ፦ የትኛው ጎማ? በስንት ቀን ስንት ቀነሰ? ጠዋት ለካኸው? በሳምንት 5 የሚቀንስ ከሆነ ሚስማር ወይም ቫልቭ ነው፣ አለዚያም ቸርኬው ተጣሟል። ናይትሮጅንም በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። የሳሙና ውሃ አድርግበት።

ወንድወሰን፦ ጋሽ፣ እኔ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ወደ አፋር ስንወርድ ሙቀቱ እንዳያፈነዳብን አዲስ አበባ ላይ ትንሽ እናስተነፍሳለን። በናይትሮጅን ከተሞላ ግን ማስተንፈስ አያስፈልግም ይላሉ። እውነት ነው?

ጋሽ ደረጀ፦ ከሁሉም በላይ መመለስ የምፈልገው ይህን ነው። አታስተንፍሱ። በአየር ቢሞላም በናይትሮጅን ቢሞላም አታስተንፍሱ።

ምክንያቱን ልንገርህ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የውጭው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ያህል ነው። አዋሽ ስትደርስ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል፣ የውጭው ግፊት ደግሞ ወደ 13 ይጠጋል። መለኪያው የሚያሳይህ በጎማው ውስጥና በውጭ ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ እዚህ 32 ሞልተህ ብትወርድ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ አዋሽ ላይ 30 ታነብ ነበር። የአየሩ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር ያችን 2 መልሶ ይሰጥሃል። ቁልቁለቱና ሙቀቱ ይጣፋሉ ማለት ነው። አንተ ግን ከመነሻህ ቀንሰህ ሄደሃል።

የጎደለ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል። ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፍ እንደሚግለው ጎማውም ይግላል። ተሳፋሪና ጓዝ ሲጨመርበት፣ ፍጥነት ሲታከልበት፣ የውስጡ ድርብርብ ይላቀቅና ይፈነዳል። ሰው አስፋልቱ አፈነዳው ይላል። ብዙ ጊዜ የሚያፈነዳው ግን የጎደለው አየር ነው።

ወንድወሰን፦ መንገድ ላይ ስንለካ እኮ 37፣ 38 ይላል።

ጋሽ ደረጀ፦ ይበል! የአምራቹ ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ የተሰጠ ነው፣ ሲሞቅ እንደሚጨምር ታስቦበታል። የጋለ ጎማ አታስተንፍስ። ሌሊቱን ሲበርድ ጎድሎ ታገኘዋለህ። እባካችሁ ይህን ለባልደረቦቻችሁም ንገሩ። ሰው ነው የምትጭኑት።

ሊዲያ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ስክሪን የጎማውን ግፊት ጠዋት 2.5 ባር፣ ከሰዓት 2.7 ባር ያሳያል። ናይትሮጅን ላስሞላ?

ጋሽ ደረጀ፦ አያስፈልግም፣ ጤነኛ ነው። የጠዋቱን እመኚ።

ናሆም፦ ታዲያ አውሮፕላን ለምን በናይትሮጅን ይሞላል?

ጋሽ ደረጀ፦ የአውሮፕላን ጎማና ፍሬን ክፍል ነው የሠራሁት፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። መጋቢት 1986 እ.ኤ.አ. ሜክሲካና የሚባለው የሜክሲኮ አየር መንገድ ቦይንግ 727 ከሜክሲኮ ሲቲ ተነሳ። ፍሬኑ እንደያዘ ስለነበር ከመጠን በላይ ጋለ። ጎማው የተሞላው በናይትሮጅን ሳይሆን በአየር ነበር። ታጥፎ ከገባ በኋላ አየር ላይ ፈነዳ። 167 ሰው አለቀ። ጎማ እጅግ ሲግል ከላስቲኩ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣል። ኦክስጅን ካገኘ ውስጥ ለውስጥ ይነዳል። ስለዚህ በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች፣ ፍሬን ባለው ጎማ ውስጥ ኦክስጅን ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ደንብ አለ። ሌላው እርጥበት ነው። የናይትሮጅኑ ጋዝ ደረቅ ስለሆነ ከፍታ ላይ ውስጡ የሚቀዘቅዝ ውሃ የለም። የቤት መኪና ይህ ሁሉ አይገጥመውም። እርጥበቱ ካሳሰባችሁ ጎሚስታው የኮምፕሬሰሩን ታንክ ውሃ በየቀኑ ያፍስስ።

ኪሩ፦ ስለዚህ ናይትሮጅን ይሻላል ወይስ አየር?

ጋሽ ደረጀ፦ ኪሩ፣ ለቤቲ የመለስኩትን አንብብ።

ሰላም፦ ለወራት ቆሞ ለሚቀመጥ መኪናስ? ወንድሜ ዱባይ ነው፣ መኪናው ግቢያችን ቆማለች።

ጋሽ ደረጀ፦ እዚያ ላይ ትንሽ ይጠቅማል፣ የሚለካት ሰው ስለሌለ። ሙሉ በሙሉ አስተንፍሰው ይሙሉላት። ስኮርታውን ጭምር። ወንድምሽ ሲመጣ ግን ከግቢ ሳይወጣ ይለካት።