ጥያቄና መልስ፦ ከተዘጋ በኋላ የጋለበው ፈረስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሜሪካ ምዕራብ የግል ፖስታ አመላላሾች ናቸው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

በ1850ዎቹ ፖስታ ላይ ያለውን ቴምብር በሙቅ ውሃ ማላቀቅ ይቻላል ወይ?

ይቻላል። እባክዎ አያድርጉት።

አንድ አንባቢ ፖስታቸው ላይ የመንግሥት የ3 ሳንቲም ቴምብር ታትሞበታል፤ አጠገቡ ደግሞ የግል ፖስታ አመላላሹ ኩባንያ ዌልስ ፋርጎ «ተከፍሏል» ብሎ አትሞበታል። «ሰውየው ለምን ሁለቴ ከፈለ?» ይላሉ።

ሕጉ አስገድዶት ነው። በ1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ፣ በዓመቱ ሕዝቡ ጎረፈ። የመንግሥት ፖስታ ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ ይመጣል። ተራራው ውስጥ የሚቆፍሩት ዘንድ ግን ማን ያድርስ? አሌክሳንደር ቶድ የሚባል ሰው በ1849 ሥራውን ጀመረ። ለአንድ ደብዳቤ አንድ አውንስ ወርቅ ያስከፍል ነበር፤ ያኔ ወደ 16 ዶላር ይመጣል። ቆፋሪዎቹም ይከፍላሉ። ከቤተሰብ ወሬ ከሰሙ ወራት አልፏቸዋላ!

ሌሎችም ተከተሉት። መንግሥት ገቢው ሲያመልጠው በ1852 መላ አመጣ፦ የግል ኩባንያ ደብዳቤ መውሰድ ይችላል፣ ግን መንግሥት ቴምብር ባተመበት ፖስታ ውስጥ ይሁን። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ዌልስ ፋርጎ ፖስታውን ከመንግሥት እየገዛ፣ የራሱን ምልክት እያተመበት ይሸጥ ጀመር። ስለዚህ ደብዳቤው የመንግሥት ፖስታ ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ፣ መንግሥት ቁጭ ብሎ 3 ሳንቲሙን በላ። ዌልስ ፋርጎ በዚህ ዓይነት እስከ 1895 ደብዳቤ አመላልሷል።

«ዌልስ ፋርጎ የሚል ፖስታ አገኘሁ፤ ሀብታም ሆንኩ?»

ገና ነዎት። ኩባንያው እጅግ ብዙ ደብዳቤ አመላልሷል፣ የታተመው ስም ብቻውን ብዙም አያወጣም። ማኅተሙን ይዩ። ሳን ፍራንሲስኮና ሳክራሜንቶ ሞልተዋል። ጥቂት ዓመት ቆይታ የጠፋች የኔቫዳ ወይም የአይዳሆ የማዕድን መንደር ስም ካለበት ግን እንደገና ይጻፉልኝ።

የምዕራብ ትርዒት አሳዪው ቡፋሎ ቢል በእርግጥ የፖኒ ኤክስፕረስ (በፈረስ ቅብብል ደብዳቤ ያደርስ የነበረው የግል አገልግሎት) ፈረሰኛ ነበር?

እሱ ነበርኩ ይላል። ብዙ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠራሉ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ከዳላስ የጻፈልኝ ወጣት በኢንተርኔት ጨረታ አንድ ፖስታ ገዝቷል። ሰማያዊ ቴምብር አለው፣ ቴምብሩ ላይ ፈረሰኛ ይጋልባል፣ ዋጋው 25 ሳንቲም ነው። ውስጡ ያለው ደብዳቤ በ1863 የተጻፈ ነው። ጓደኞቹ «ፖኒ ኤክስፕረስ በ1861 ተዘግቷል፤ ተሸውደሃል» ብለው ስቀውበታል።

ጓደኞችህ የሚያውቁት ግማሹን ነው። ትልቁ ፖኒ ኤክስፕረስ ከሚዙሪዋ ሴንት ጆሴፍ እስከ ሳክራሜንቶ፣ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በ10 ቀን ይጋልብ ነበር። በኤፕሪል 1860 ተጀመረ። ኦክቶበር 24 ቀን 1861 የቴሌግራፍ ሽቦው ምሥራቅና ምዕራብን አገናኘ፤ ፈረሱም በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ። እስከዚህ ልክ ናቸው።

በ1862 ግን ዌልስ ፋርጎ ሌላ አጭር የፈረስ መስመር ከፈተ፣ ከኔቫዳዋ ቨርጂኒያ ሲቲ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ። ቨርጂኒያ ሲቲ የብር ማዕድን ከተማ ናት። የማዕድኑ አክሲዮን የሚሸጠው ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ወሬ ቀድሞ የደረሰው ያተርፋል። መስመሩ እስከ 1865 ሠራ። የ10 እና የ25 ሳንቲም ቴምብሮች የዚህኛው ፈረስ ናቸው። የትልቁ ፖኒ ቴምብሮች የ1፣ የ2 እና የ4 ዶላር ነበሩ። ስለዚህ 1863 እና 25 ሳንቲም አይጣሉም።

ቶሎ ግን ደስ አይበልህ። የዚህ ሥራ ጎበዝ ፎርጅድ ሠሪ ፖስታውን አይፈጥርም። እውነተኛ፣ ርካሽ የዌልስ ፋርጎ ፖስታ ይገዛና ፈረሰኛውን ይለጥፍበታል። እንግዲህ አጉሊ መነጽር አንሣ። የማኅተሙ ቀለም ከቴምብሩ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ ይቀጥላል ወይስ ጫፉ ላይ ይቆረጣል? ከሥሩ የሌላ ቴምብር ጥላ ይታያል? አድራሻውስ? ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሎስ አንጀለስ ከሆነ ይህ ፈረስ እዚያ ምን ሊያደርግ ሄደ? ዋጋና ቀን ማመሳከር ራሱ ፎርጅድ ሠሪ የሚያዝበት ጥሩ ወጥመድ ነው። የ1 ዶላሩ ቴምብር የመጣው ታሪፉ በጁላይ 1861 ሲወርድ ነው፤ በ1860 ደብዳቤ ላይ ካየኸው ዞር በል።

ደብዳቤውን ከፖስታው እንዳትለየው። የኩባንያው ማኅተም ብዙ ጊዜ ቀንና ወር እንጂ ዓመት የለውም፤ 1863 መሆኑን የሚመሰክርልህ ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አይተህም ራስህ አትፍረድ። እኔም በስልክ ፎቶ አልፈርድም። ኒውዮርክ ላለው የቴምብር መርማሪ ድርጅት ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን ወይም ለአሜሪካ ፊላቴሊክ ሶሳይቲ የምርመራ ክፍል ላከው፤ ክፍያ አለው፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ግን ላከው። ያለ ምስክር ወረቀት ልሽጥ ብትል ደህና ዋጋ የሚሰጥህ የለም። ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ለሻጩ ጻፍና ምርመራው እስኪመጣ የመመለሻው ቀን እንዲራዘምልህ በጽሑፍ ጠይቅ። እምቢ ካለ መልሱን ከእኔ አትጠብቅ፣ ፖስታውን መልስለት።

ፖስታዬን ሸጬ ባተርፍ ታክስ አለብኝ?

የሒሳብ ባለሙያዎን ይጠይቁ። እኔ የራሴንም በሰው ነው የማሠራው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጆቼ እንዲያዩት የት ልውሰዳቸው?

ዋሽንግተን፣ ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ የስሚዝሶንያን የፖስታ ሙዚየም አለ። ከባቡሩ ወርደው ጥቂት እርምጃ ነው፣ መግቢያውም ነፃ ነው። አዳራሹ መሀል በፈረስ የሚጎተት የድሮ ፖስታ ሠረገላ ቆሟል፣ በላዩ የፖስታ አውሮፕላኖች ተንጠልጥለዋል። ልጆቹ አውሮፕላኖቹን ሲያዩ እርስዎ ወደ ቴምብሮቹ ክፍል ሹልክ ይበሉ።