ከባሕሩ አጠገብ ቤት ለምትከራዩ ወገኖቼ

በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የኖርሁት በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» በሚባለው አካባቢ ሲሆን፣ አሁን የምኖረው ግን በፕላያ ዴል ሬይ፣ ከውቅያኖሱ ብዙ በማይርቅ ጸጥተኛ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ወደዚህ መዛወር የምታስቡ ወገኖች ቤቱን በሥራ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አይታችሁ ውል እንዳትፈርሙ አደራ እላለሁ።

የሰፈሩ ጸጥታ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ሰዓት አለው። የሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤታችን በመሆኑ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ፣ የአየር ጠባዩ ሲፈቅድ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ሕዝብ እንዳይረበሽ የሚያርፉትም የሚነሡትም አውሮፕላኖች በባሕሩ በኩል እንዲያልፉ ይደረጋል። ስለዚህ በሌሊት ሄዳችሁ አዳምጡ፤ ሰው ወደ ባሕሩ ዳርቻ በሚጎርፍበት በሞቃቱ ወራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ተመልሳችሁ መኪና ማቆሚያ ፈልጉ።

የመኪና ማቆሚያውን ነገር አጥብቄ የማነሣው ኑሯችን ያለ እንግዳ ስለማይሆን ነው። እናቴ ማረፏን የተረዳሁ ጊዜ ሊያጽናኑኝ የመጡ አረጋውያን መኪናቸውን ከሩቅ አቁመው ዳገቱን በእግራቸው ወጡ፤ አንዳንዶቹም በመንገድ ጽዳት ሰዓት መኪና ማቆም መከልከሉን የሚገልጸውን ምልክት ሳያዩ በመቅረታቸው የቅጣት ወረቀት ተለጥፎባቸው አገኙ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ክርስትናም ሆነ መልስ ሲኖረን አስቀድሜ ለጎረቤቶቼ እነግራለሁ፤ ሁለቱ ግቢያቸውን ለእንግዶቼ ይለቁልኛል።

በግንቦትና በሰኔ ደመናው እስከ ቀትር ስለማይገፈፍ እርጥበቱ ብርቱ ነው፤ በርበሬና ሽሮ በደንብ በሚከደን ዕቃ ካልተቀመጡ ይሻግታሉ። የተለመደው የቤት ዕቃ መድን የጎርፍ ጉዳትን እንደማይሸፍንም ዕወቁ።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ውኃው ነው፤ ብዙዎቻችን ያደግነው ባሕር በሌለበት ደጋ ነውና። ሞገዱ የተረጋጋ ቢመስልም ወደ ጥልቁ የሚስብ ኃይለኛ ጅረት አለ። የያዘው ሰው ፊት ለፊት ወደ የብስ ልመለስ ብሎ ቢታገል ይደክማል፤ ከጅረቱ እስኪወጣ ድረስ ከዳርቻው ጎን ለጎን መዋኘት ይኖርበታል። ልጆቻችሁን ላይፍጋርድ (ዋናተኞችን የሚጠብቅ ነፍስ አድን ሠራተኛ) ባለበት ማማ አጠገብ ብቻ አስገቡ፤ ዋናም አስተምሯቸው። እኔ በ46 ዓመቴ ከልጄ ጋር አብሬ ተምሬአለሁ፤ እናንተም አትፈሩ፣ አብራችሁ ተመዝገቡ።