መሬቱ ያንተ ነው፤ አጋዘኑ ግን ያንተ አይደለም

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ቨርጂኒያ ውስጥ ስድስት ኤከር ያለው ቤት ገዝተህ፣ አጋዘኖች ማታ ማታ እየገቡ ጎመንህንና ቃሪያህን እንደጨረሱብህ ጽፈሃል። «በገዛ መሬቴ ላይ መግደል እችላለሁ? ጓደኞቼስ መጥተው ማደን ይችላሉ? ወይስ የመንግሥት ጫካ ይሻላል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ ማደን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የማውቀውን ልንገርህ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው። አጥሩም ዛፉም ያንተ ነው። ግቢህን አቋርጦ የሚያልፈው አጋዘን ግን የሕዝብ ነው። በሕጉ መሠረት እስክታድነው ድረስ የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ ግዛቱ ነው በአደራ የሚጠብቀው። ለዚህ ነው በገዛ ግቢህ ውስጥ እንኳ ወቅት፣ ቁጥርና ሰዓት የሚወሰንልህ። ከመቶ ዓመት በፊት ሥጋውና ቆዳው ገበያ ይሸጥ ስለነበር አጋዘን ከቨርጂኒያ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዛሬ ጎመንህን የሚበሉት በጥበቃ የተረፉት ዘሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰብ የፌዴራል ታክስ ለዱር እንስሳት ሥራ ይውላል። ፈቃድ ስታወጣም የምትከፍለው ወደዚያው ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ በራሳችሁ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ማደን ትችላላችሁ። ወቅቱን፣ የቁጥር ገደቡንና የገደልከውን ማስመዝገቡን ግን አትዘልም። ጓደኞችህ መደበኛ የአደን ፈቃድም የአጋዘን ፈቃድም ያስፈልጋቸዋል። ያንተንም ፈቃድ በጽሑፍ ስጣቸው። ሰዓቱ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ይጀምርና ከገባች ግማሽ ሰዓት በኋላ ያበቃል። ማታ በባትሪ መምታት ወንጀል ነው። ከሁሉ በፊት ካውንቲህ ደውል። ጠመንጃ ጨርሶ የማይተኮስበት አለ፣ ቀስት ብቻ የሚፈቀድበት አለ፣ ሾትገን (ቅርብ የሚመታ ጠመንጃ) እንጂ ራይፍል (ሩቅ የሚመታው) የማይፈቀድበትም አለ። የአዳኞች ትምህርቱን ደግሞ በሕግ ባትገደድም ውሰደው። ነፃ ነው።

አሁን ልቤ ያለበት ጉዳይ ላይ ልቆይ። ችግርህ የአጋዘን ብዛት ከሆነ ሴቷን ነው ማደን ያለብህ። የኛ ልጆች ሲመጡ ሁሉም ቀንድ ነው የሚፈልገው። ፎቶ ላይ ያምራላ! ግን አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ያስረግዛል። ሦስት ባለቀንድ ብትጥል በሚቀጥለው ፀደይ የሚወለዱት ግልገሎች ቁጥር ያው ነው። አንዲት በደንብ የበላች ሴት ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች። አንዳንድ ካውንቲዎች ውስጥ ሁለተኛ ባለቀንድ ለመምታት መጀመሪያ ሴት መምታት ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በቀንድ ምኞት አሳልፌያለሁ። ጎመኔ ግን ከዓመት ዓመት ባሰበት። ሴቶቹን ማደን ከጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው ለውጡን ያየሁት።

የመንግሥት ጫካ ሌላ ታሪክ ነው። በምዕራብ በኩል የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደን አለ፣ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ። እዚያ ለማደን ተጨማሪ የደን ፈቃድ ትገዛለህ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ግን ልብ በል፤ እዚያ ሴት አጋዘን የሚፈቀድባቸው ቀናት በጣም ጥቂት ናቸው። በዚያው ካውንቲ የግል መሬት ላይ ያሉት ቀናት ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ደኑ ሲያረጅ ከታች የሚበላ ቅጠል ስለሚያንስ አጋዘኑም እዚያ ቀንሷል። እርሻና ግቢ አጠገብ ግን ይበዛል። ስለዚህ የግቢህን ችግር እዚያ ሄደህ አትፈታውም።

ጎረቤትህን ቀድመህ ተዋወቅ። ይሄን በደንብ የተማርኩት አንድ ምሽት ነው። አንዲት አጋዘን በክሮስቦው (ቃታ ባለው ቀስት) መታሁ፣ ዘላ አጥር ተሻገረች። ደሙ በደረቁ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ እያለ ሄዶ ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ዛፍ ሥር ደረሰ። ሐምራዊ ቀለም እዚህ «አትግባ» ማለት ነው። አጋዘኗ ሃያ እርምጃ አልፋ ወድቃ ትታየኛለች። እግሬ ሊሄድ ፈለገ። ክሮስቦውን መኪና ውስጥ አስቀምጬ፣ ዞሬ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። አንድ ሽማግሌ ወጡ። የአዳኝ ብርቱካናማ ሰደርያዬን አይተው ወዲያው ገባቸው። ጫማቸውን አጥልቀው፣ ባትሪ ይዘው አብረውኝ መጡ፣ ጎትተን አወጣናት። የሥጋውን ግማሽ ሰጠኋቸው። ዛሬ በአርባ ኤከራቸው ላይ በጽሑፍ ፈቃድ የማድነው እኔ ነኝ። ዘልዬ ገብቼ ቢሆን ግን ክስ ነበር። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ይሄን አስቡት፤ የዜግነት ፎርሙ ታስረህ ወይም ትኬት ተቆርጦብህ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ግሪን ካርድ የሌላችሁ ደግሞ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ።

የእሑድ አደን በግል መሬት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ በመንግሥት መሬት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ተፈቅዷል። ሆኖም ከቤተ ክርስቲያንም ሆነ ከሌላ የአምልኮ ቦታ በ200 ያርድ ውስጥ በእሑድ አይታደንም። ከከተማ ወጣ ብለው የተተከሉ የኛ ቤተ ክርስቲያናት አሉና ይታሰብበት።

አገር ቤት ገበሬው እህል የሚጠብቅበትን ማማ ታስታውሳለህ? እዚህም ዛፍ ላይ እንደዚያው ነው የምንቀመጠው። ከላይ ወደ ታች ስትተኩስ ጥይቱ ወይም ቀስቱ መሬት ውስጥ ይቀራል፣ ጎረቤት ቤት አይደርስም። ስድስት ኤከር ላይ ይሄ የግድ ነው። ከዛፉ ጋር የሚያያዝ የደኅንነት ቀበቶ ሳታስር ግን አትውጣ። በቆሎ በትነህ መጠበቅም ክልክል ነው። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያ ቅዳሜ ድረስ ደግሞ ለማየት ብለህ እንኳ ምግብም ሆነ ጨው አታስቀምጥም።

ሥጋውን በተመለከተ አደራ የምለው አለ። የአጋዘንን አንጎል የሚጎዳ ሲደብሊውዲ የሚባል በሽታ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ፍሬደሪክ ካውንቲ በታደነ አጋዘን ላይ ነው። ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፤ ቢሆንም በሽታው ባለበት አካባቢ ያደንከውን ሳታስመረምር አትብላ፣ ማብሰል አያጠፋውም። ሌሎች ጀርሞችና ጥገኛ ትሎችም ስላሉ ከአጋዘን ጥሬ ሥጋ ወይም ለብ ለብ ክትፎ አይሞከርም። በደንብ የበሰለ ጥብስ ግን ግሩም ነው። ስብ ስለሌለው ቂቤ ጨመር አድርግበት። የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው ኖቬምበር አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ ብዙ ሳይቆይ ጾመ ነቢያት ይገባል። እኔ ፍሪዘር አስገብቼ ለገና ነው የማወጣው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት እንስሳት መካከል ዋላን ይጠራል፤ ስለ አስተራረዱ ግን የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

እስከዚያው ለጎመኑ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ አጥር እጠርለት። ከዚያ ያጠረውን ይዘለዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከተመቸህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ መጥቼ ማማው የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚሆን አብረን እናያለን።