ትምህርት ስታቋርጡ ሳትፈርሙ አትሂዱ

ውድ ልጆቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያየሁትን ግን ይዤው መቀመጥ አልፈለግኩም። እያንዳንዱ ዲግሪ የሚጠናቀቅበት የጊዜ ጣሪያ አለው፤ ብዙ ተማሪ ደግሞ ይህን የሚሰማው ጣሪያው ካለፈው በኋላ ነው።

ስትገቡ የሚነገራችሁ መደበኛው ጊዜ ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች በ2012 ዓ.ም. ከተመለሱ ወዲህ አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ 4 ዓመት ሆኗል፤ ኢንጂነሪንግ 5 ነው። ማስተርስ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት፣ ፒኤችዲ ደግሞ 4 ይፈጃል። ከዚያ በላይ እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ነው፤ እናንተ "ሌጂስሌሽን" የምትሉት። ቁጥሩ እንደ ግቢውና እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። ስለዚህ ከዶርም ወሬ አትውሰዱት። የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ከፍታችሁ አንብቡ።

ጣሪያው ሰነፍ ተማሪን ለመቅጣት የወጣ ይመስላል። ውጤቱ ዝቅ ያለ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በውጤት ይሰናበታል። ጣሪያው የሚይዘው ሌላውን ነው። አባቱ ሞቶበት ወደ አገር ቤት የሄደውን፣ የታመመውን፣ ያረገዘችውን፣ ሥራ አግኝቶ "ቆይቼ እመለሳለሁ" ያለውን። እነዚህ ልጆች ጎበዞች ነበሩ። የጎዳቸው የማቋረጫ ፎርም ሳይፈርሙ መሄዳቸው ነው።

ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት ችግር ግቢውን ለቀው ሊሄዱ ይችላሉ። አንዷ ትምህርት ክፍሏ ሄዳ የዊዝድሮው (የማቋረጫ) ፎርም ሞላች፣ አስፈረመች፣ ኮፒውን ያዘች። በቀጣዩ ዓመት ሪአድሚሽን (እንደገና መግቢያ) ጠይቃ ትመለሳለች። ሌላው ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። የተመዘገበባቸው ኮርሶች በሙሉ ኤፍ ሆነው ይጠብቁታል፤ ወይም ፋይሉ ላይ ያለፈቃድ እንዳቋረጠ ይጻፍበታል። ችግራቸው አንድ ነበር። ልዩነቱ አንድ ወረቀት ነው።

በተለይ ከክፍለ ሀገር ለምትመጡት ይህን ደግሜ እላለሁ። ኀዘን ሲመጣ ሰው ስለ ፎርም አያስብም፣ ይገባኛል። ግን ጓደኛችሁን ላኩ፣ ደውሉ፣ ቢያንስ ለትምህርት ክፍሉ ኢሜይል ጻፉ። ስትመለሱ የምታሳዩት ነገር ይኑራችሁ።

ሌላም አለ። ብዙ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ያቋረጠ ተማሪ ያንን ኮርስ የሚያገኘው በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው። ኮርሱ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ደግሞ ያኛውም አብሮ ይዘገያል። አንድ ሴሚስተር ያቋረጠ ሰው አንድ ዓመት ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። እስከዚያ ካሪኩለሙ ከተቀየረ ተጨማሪ ኮርስ ይመጣል። በኤክስቴንሽን የምትማሩ ይህን የበለጠ ታውቁታላችሁ። የተመዘገበው ሰው ጥቂት ስለሆነ ኮርሱ አልተከፈተም ተብላችሁ ስንቴ ተመልሳችኋል?

ማስተርስ ላይ ያላችሁ፣ የእናንተ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ትጨርሳላችሁ። ከዚያ ቴሲስ ይመጣል። በሰዓት ክፍል ግቡ የሚላችሁ የለም፣ ፈተና የለም፣ ወደ ሥራ ተመልሳችኋል። "አማካሪዬ መልስ አልሰጠኝም" እያላችሁ ወር በወር ላይ ይጨመራል። አንዳንዴ ጥፋቱ በእርግጥ የአማካሪው ነው። ረቂቅ ተቀብሎ ወራት የሚያስቀምጥ መምህር ተማሪውን እየበደለ ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ግን ቅሬታችሁ በስልክና በኮሪደር ወሬ ብቻ ከቀረ ፋይላችሁ ውስጥ አይገኝም። ረቂቁን የላካችሁበት ኢሜይል ቀኑን ይዞ ይቀመጥ። መልስ ከጠፋ ለትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ በጽሑፍ አመልክቱ፤ አማካሪ እንዲቀየርላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን የምታደርጉት ግን ጊዜ ሳያልቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ርዕሱንም አታግዝፉት። በ2 ዓመት የሚያልቅ ጥናት ምረጡ። ዓለምን የሚቀይረውን ለፒኤችዲ አቆዩት።

ጊዜያቸውን ራሳቸው ያላባከኑም አሉ። በመጋቢት 2012 ኮሮና መጥቶ ግቢዎች ተዘጉ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ደግሞ በጦርነቱ የተነሳ በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ልጆች ዓመታት አለፉባቸው። ያ ጊዜ በተማሪ ላይ መቆጠር የለበትም ብዬ አምናለሁ። ይህ ከደረሰባችሁ ትምህርቱ የተቋረጠበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ አውጡና ፋይላችሁ ውስጥ አስገቡ። ዛሬ የሚያውቃችሁ የሬጅስትራር ሠራተኛ ነገ ላይኖር ይችላል።

አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ጣሪያውን የምታገኙት በገንዘብ በኩል ነው። የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ የሚሰጠው ዲግሪው ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 በመቶ እስኪሞላ ነው። 120 ክሬዲት ለሚጠይቅ ዲግሪ 180 ማለት ነው። ወድቃችሁ የደገማችሁትና አቋርጣችሁ ደብሊው ያገኛችሁበት ኮርስም ይቆጠራል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ዕርዳታም በዕድሜ ዘመን የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ገደብ አለው። ነርሲንግ ጀምራችሁ ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ ከመዞራችሁ በፊት ስንት እንደቀራችሁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ጠይቁ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ የመውጫ ፈተናም አለ። 50 በመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም። ስለዚህ ለፈተናውም ጊዜ እንዲተርፋችሁ ኮርሱን ጣሪያው ጫፍ ላይ አታድርሱት።

አሁን ጣሪያው የተጠጋባችሁ፣ ማራዘሚያ የሚጠየቀው ጊዜው ሳያልፍ ነው። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ የቀረው ሥራ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ ይናገር፤ የሐኪም ወረቀት ወይም የዊዝድሮው ኮፒ ይያያዝበት። ያቋረጣችሁበት ጊዜ ከጣሪያው ውስጥ ይቆጠር እንደሆነም በዚያው ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ጊዜው ያለፈባችሁ ደግሞ እንደ አዲስ ብትገቡ የተማራችሁት ኮርስ ይያዝላችሁ እንደሆነ አጣሩ። መጀመሪያ ግን ትራንስክሪፕታችሁን አውጡ። ላይብረሪም ሆነ ዶርም ዕዳ ካለባችሁ ከፍላችሁ ክሊራንሱን (ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን የሚያሳየውን ወረቀት) ጨርሱ፤ ያለ እሱ ትራንስክሪፕቱ አይወጣም።