«ትንሽ ግድብ ነው፣ ፈርሚልኝ»

ይህን ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊዋ በውሃ ምህንድስና ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ያስተማራት አጎቷ ገጠር ውስጥ የሽንኩርት እርሻ አለው፤ ለመስኖ 9 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ሠርቷል። ለብድር የግድቡን የአደጋ ደረጃ የሚገልጽ ወረቀት ተጠየቀ። «ዝቅተኛ ብለሽ ፈርሚልኝ» አላት፤ ቤተሰቡም ውለታውን መልሺ ይላታል። ማስተርስ ልቀጥል ወይ፣ ደመወዜም አነሰኝ ትላለች።

እህቴ፣ ከፊርማው እንጀምር። አትፈርሚ።

የአደጋ ደረጃ ስለ ግድቡ ጥንካሬ አይደለም። ቢፈርስ ውሃው ማን ላይ ይወርዳል ነው ጥያቄው። ትናንት ተሠርቶ ያለቀ፣ አንድ ስንጥቅ የሌለበት ግድብም ከሥሩ መንደር ካለ ደረጃው ከፍተኛ ነው። አንቺ ስለ ግድቡ ገጽ ሙሉ ጽፈሽ፣ «ታች ወንዙ ዳር ጥቂት ቤቶችና የቅዳሜ ገበያ አለ» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። መልሱ እኮ እዚያች መስመር ላይ ነው።

ደግሞ ትንሽ ነው አትበይኝ። ኬንያ ውስጥ ናኩሩ ካውንቲ፣ ሶላይ የሚባል ቦታ፣ በግንቦት 2010 የአንድ የግል እርሻ ግድብ በዝናቡ ወቅት ማታ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰው ገደለ።

እኔ ስምንት ዓመት የአፈር ግድብ ስቆጣጠር ነው የኖርኩት። አንዱ ባለቤት ብዙ ውሃ ላጠራቅም ብሎ ማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መንገድ) ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ደርድሮ አገኘሁት። ከባድ ዝናብ ቢመጣ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ሊፈስ ነው፤ የአፈር ግድብ ደግሞ በአናቱ ከፈሰሰበት ታጥቦ ይሄዳል። ብነግረው ሳቀብኝ። ከግርጌው የሚሰርገውን ውሃ በሃይላንድ ቀድቼ አሳየሁት። ስርገት ጥርት ካለና ካልጨመረ ብዙም አያስደነግጥም። የሱ ግን የወተት ሻይ ይመስላል፤ ውሃው ከውስጥ አፈሩን እየበላ ይወጣል ማለት ነው። ጆንያው በዚያው ሳምንት ተነሳ።

አጎትሽ ውለታ ውሎልሻል፣ አልክድም። ቤተሰቡ ግን ውለታውን በሙያ ፈቃድሽ ክፈይ ማለቱ ነውር ነው። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው ወረቀቱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ እነሱ አይደሉም። ብር ከሆነ ከደመወዝሽ በየወሩ ቀንሰሽ ስጪው። ወረቀቱን ዘመድ ያልሆነ መሐንዲስ ይሥራው።

ማስተርሱ ይቆይ። ደመወዝሽ እውነትም ትንሽ ነው፤ ሳይት ጠይቂ፣ አበልም አለው። ጭቃ ሳትረግጪ ፎቅ ላይ ሁለት ዓመት ይበቃሻል።

ለጊዜው ግን የፊታችን ቅዳሜ አጎትሽን ይዘሽ ሂጂ። ከግድቡ ግርጌ ተነሥታችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ገበያው ድረስ በእግር ውረዱ። ቤቶቹን እሱ ይቁጠር።